እናት ተክሏን ማን ይጠብቃል?

የመድኃኒት ዕፅዋት ብዜት ታሪክ፦ ከፑንት ቅርጫት እስከ ቤተ ሙከራ ጠርሙስ

በጅግጅጋ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል



የዛሬው ገለጻዬ ብርቅ የሆኑ የመድኃኒት ዕፅዋትን በኅብረ ሕዋስ ብዜት፣ በተለምዶ ቲሹ ካልቸር በምንለው ዘዴ፣ ስለ ማራባት ነው። ይሁን እንጂ ዘዴውን ብቻ ለማስተማር አልመጣሁም፤ ታሪኩንም ጭምር ለመናገር ነው። ከዚህ ምድር ተክል ወስዶ በሌላ ስፍራ ለማራባት መሞከር ከቤተ ሙከራው ጠርሙስ እጅግ የቀደመ ነገር ነው። ያ ረጅም ታሪክ ዛሬ ልንመልሰው የሚገባንን ጥያቄ ያቀርብልናል። ጥያቄውም «ማራባት እንችላለን ወይ?» የሚል ሳይሆን «የምናራባት ተክል እናት የት አለች? ማንስ ይጠብቃታል?» የሚል ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በቅርጫት የተወሰዱ ዛፎች

በላይኛው ግብፅ፣ ዴር ኤል ባሕሪ በተባለው ስፍራ፣ የንግሥት ሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ይገኛል። በግድግዳው ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፑንት ምድር የተላኩ መርከቦች ተቀርጸዋል። ከምስሎቹ መካከል ሰዎች ሕያው ዛፎችን ከነሥራቸውና ከነአፈራቸው በቅርጫት አድርገው፣ በሸክም ወደ መርከብ ሲያስገቡ ይታያሉ። ጽሑፉ የዛፎቹን ቁጥር 31 ያደርገዋል። የፑንት ትክክለኛ ስፍራ እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻና ከአፍሪቃ ቀንድ አያርቁትም። ዛፎቹም ለቤተ መቅደስ ጢስና ለመድኃኒት የሚውለውን ሙጫ የሚሰጡ፣ እጣን ወይም ከርቤ እንደሆኑ ይታመናል።

ከዚህ ምስል የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የንግሥቲቱ መልእክተኞች ሙጫውን ገዝተው መመለስ ብቻ አልበቃቸውም፤ ዛፉን ራሱን ፈለጉ። ያም ሆኖ ግብፅ ከዚያ በኋላም በሌሎች ነገሥታት ዘመን ሙጫውን ከዚሁ አቅጣጫ ማስመጣቷን አላቆመችም። ዛፉን በቅርጫት ማንሳት ይቻላል፤ አፈሩን፣ ዝናሙንና ዛፉን የሚያውቀውን ሰው ግን በቅርጫት ማንሳት አይቻልም።

የወደብ ስም የያዘ ሙጫ

ጅግጅጋ የመንገድ ከተማ ናት። ከበርበራ ወደብ ወደ ሐረር፣ ከሐረርም ወደ በርበራ የሚመላለሰው የቅፍለት ጉዞ ይህን ሜዳ ያቋርጥ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ከዘይላ ተነሥቶ የማራርን ሜዳ በማቋረጥ ሐረር የገባው በጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ደግሞ የጅግጅጋ ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የከተማዋን መንገዶች በቀጥታ መሥመር አስቀይሰዋል። እኚህ ሰው በፈረንሳይ ሀገር የግብርና ትምህርት የተማሩ እንደነበሩ ሳስታውስ፣ ዛሬ በዚህች ከተማ ስለ ተክል ማራባት የምንነጋገረው እንግዳ ነገር ይዘን እንዳልሆነ ይሰማኛል።

ከደቡቡ ቆላ የሚሰበሰበው ከርቤ በግመል ተጭኖ ወደ ባሕሩ ሲወርድ ስሙን በመንገድ ላይ ይለውጥ ነበር። ሶማሊው እረኛ ዛፉን «ዲዲን»፣ ሙጫውን «መልመል» ይለዋል። ቁስል ያጥብበታል፤ አፍና ድድ ሲታመም ይጉመጠመጥበታል። ሙጫው የኤደንን ገበያ ካለፈ በኋላ ግን «የኤደን ከርቤ» ተብሎ ይሸጥ ነበር። ያፈራው ምድርና የሰበሰበው እጅ ከስሙ ውስጥ ወጡ።

የስም ጉዳይ የነጋዴ ብቻ አይደለም፤ የሳይንስም ነው። «ሐዲ» የተባለውን መልካም ሽታ ያለው ሙጫ የዚህ አካባቢ ሰው ከመልመል ለይቶ ሲያውቀው ኖሯል። የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ሐዲን የምትሰጠው ኮሚፎራ ጉይዶቲ የተባለችው ዝርያ መሆኗን በጥናት ያረጋገጡት በ1991 ነው። ጥናቱን ያወጡት በስዊድን የኡፕሳላው ማትስ ቱሊንና የሥራ ባልደረባቸው ናቸው። እረኛው በማየትና በማሽተት የሚለየውን ሳይንስ ለመለየት ብዙ ዘመን ፈጀበት።

ይህን ያነሣሁት ከንባብ ለማስደሰት አይደለም። በቲሹ ካልቸር ሥራ የመጀመሪያው እርምጃ እናት ተክሏን መምረጥ ነው። በዚያ እርምጃ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን በሺህ ያባዛዋል። ዲዲንን ከዘመዶቿ ለይቶ የሚያሳየን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማይክሮስኮፑ ሳይሆን ግመል ጠባቂው ነው።

ጠርሙሱ እንዴት ተገኘ?

አሁን ወደ ዘዴው ታሪክ ልሻገር። ትውልዱ ኦስትሪያዊ የሆነው ጎትሊብ ሐበርላንት በ1902 አንድ ደፋር ሐሳብ አቀረበ። ከተክል አካል የተነጠለች አንዲት ሕያው ሕዋስ ተገቢውን ምግብ ብታገኝ ሙሉ ተክል የመሆን ችሎታ አላት አለ። ሕዋሳቱን ለሳምንታት በሕይወት ማቆየት ቻለ፤ እንዲከፋፈሉ ማድረግ ግን አልሆነለትም። በ1939 ፈረንሳዮቹ ጎትሬና ኖቤኩር፣ እንዲሁም አሜሪካዊው ፊሊፕ ዋይት፣ የተክል ኅብረ ሕዋስን ያለ ገደብ ማሳደግ እንደሚቻል በየፊናቸው አሳዩ። በ1955 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ሕዋስ እንዲከፋፈል የሚያነሣሣው ካይኔቲን ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስኩግና ሚለር ቁልፉን ጨበጡት፤ ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ሲያመዝን ሥር፣ ሳይቶካይኒን ሲያመዝን ቡቃያ ይወጣል። በ1962 ሙራሺጌና ስኩግ ለትምባሆ ያዘጋጁት የማዕድናት ቀመር እስከ ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ የሚሠራበት ነው።

ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። ከእናት ተክሏ ላይ የቅርንጫፍ ጫፍ ወይም አንጓ ይቆረጣል፤ በአልኮልና በበረኪና ይታጠባል። ከዚያም ማዕድናት፣ ቫይታሚን፣ ስኳርና ሆርሞን በያዘ፣ በአጋር በረጋ ምግብ ላይ ይቀመጣል። ምግቡ አስቀድሞ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በእንፋሎት ግፊት ከጀርም ይጸዳል፤ አንዲት የሻጋታ ዘር ከገባች ጠርሙሱን ሁሉ ትወርሰዋለችና። ቡቃያው ሲበዛ ይከፈላል፤ የተከፈለውም እንደገና ይበዛል። በየዙሩ አንዱ ሦስት ቢሆን፣ ከአንዲት ጫፍ ተነሥተን በስምንተኛው ዙር 6,561 ቡቃያ እንደርሳለን። በመጨረሻ ሥር ይወጣለትና ችግኙ ከጠርሙሱ ወጥቶ አየሩን ይለምዳል።

ከባዱ ፈተና ያለው በዚህ በመጨረሻው በር ላይ ነው። በጠርሙስ ያደገ ቅጠል በእርጥብ አየር ውስጥ ስለኖረ የሰም ልባሱ ስስ ነው፤ የቅጠሉ ቀዳዳዎችም በወቅቱ መዘጋት አይችሉም። የጅግጅጋ ደረቅ ነፋስ ሲነካው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል። እንደ ከርቤ ያሉ ሙጫ አፍላቂ ዛፎች ተጨማሪ ችግር አለባቸው፤ ሲቆረጡ የሚያፈስሱት ፈሳሽ ምግቡን ያጠቁረዋል፤ የተቆረጠውም ጫፍ በራሱ መርዝ ይሞታል።

አንድን ተክል ያለ ዘር ማባዛት ግን ለሀገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም። የደቡብ እናቶችና አባቶች የእንሰትን አምቾ እምቡጡን አውጥተው በመቅበር ከአንዱ ብዙ ደርዘን ችግኝ ያገኛሉ። የሐረርጌ ገበሬ ጫትን ከእናት ግንዱ ሥር በሚወጣው ቡቃያ ያራባል። እዚሁ ቆላ ውስጥ አርብቶ አደሩ የከርቤን ዘመዶች ቅርንጫፍ ቆርጦ መሬት ላይ በመትከል ሕያው አጥር ያደርጋል። እነዚህ ሁሉ ያለ ጠርሙስ የተሠሩ ብዜቶች ናቸው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በየዕለቱ በዚህች ከተማ አቋርጠው ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚበሩትን የጫት መኪናዎች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጫት ለምን አልጠፋም? ባለቤት ስላለው ነው። የተከለው ሰው ነገ እንደሚቆርጠው ያውቃል። የዱሩ ከርቤ ግን በብዙ ስፍራ ተሰብሳቢ እንጂ ተተካይ አይደለም። ብርቅ የሚሆነው ተክል ለመራባት የሚያስቸግረው ብቻ አይደለም፤ ለነገው የሚያስብለት ያጣውም ነው።

እንዶድና ኮሶ ያስተማሩን

በሀገራችን የመድኃኒት ተክልና የቤተ ሙከራ ግንኙነት ታሪክ ሲነሣ እንዶድን መዝለል አይቻልም። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነበርና ትዝብቱ ታላቅ የምርምር በር ከፈተ። አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ከእንዶድ ዓይነቶች መካከል ኃይሉ የበረታው 44 የሚል ቁጥር የተሰጠው ሲሆን፣ ጠባዩን ሳይለውጥ ለማብዛት ከዘር ይልቅ ከአካሉ ማራባት ይመረጣል። እንዶድ በቲሹ ካልቸር እንደሚራባ የሚያሳይ ጥናትም በ1990 ታትሟል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የዜብራ ዛጎል እንደሚገድል ሲታወቅ፣ በ1990ዎቹ በዚያው ሀገር የባለቤትነት መብት ተመዘገበበት። የመጀመሪያውን ዕውቀት በልብስ ማጠቢያ ድንጋያቸው ላይ የያዙት የአድዋ እናቶች በዚያ መዝገብ ውስጥ ስፍራ አልነበራቸውም።

ኮሶም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ለዘመናት የኮሶ ትል መድኃኒት የሆነችው ይህች የደጋ ዛፍ በቲሹ ካልቸር እንደምትራባ ጥላዬ ፈይሳና ባልደረቦቻቸው በ2005 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ኮሶ ወንዱና ሴቷ በየራሳቸው ዛፍ ላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ የከርቤ ዘመዶችም እንዲሁ። ስለዚህ ከአንዲት እናት ብቻ አሥር ሺህ ችግኝ አውጥተን ብንተክል፣ ሁሉም ሴት ወይም ሁሉም ወንድ ይሆኑና ዘር የማያፈራ ደን እናቆማለን። በዚያ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንድ በሽታ ሁሉንም ይጨርሳል። ግሮ ሚሼል የተባለው የሙዝ ዓይነት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከዓለም ገበያ የወጣው በዚህ ምክንያት ነበር።

የተቆረጠችው እናት

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1988 በሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ሲበረታ ብዙ ሕዝብ ከሐርጌሳና ከአካባቢዋ ወደዚህ ተሻገረ። ከዚህ ብዙ የማይርቀው የሐርትሼክ መጠለያ በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ የስደተኞች ሠፈሮች አንዱ ለመሆን በቃ፤ የተዘጋውም በ2004 ነው። የዚህ ምድር ሰው ውኃውን፣ ግጦሹንና እንጨቱን ከወገኑ ጋር ተካፈለ። ማንንም የምንወቅስበት ታሪክ አይደለም፤ ልጆቿን ለመመገብ እሳት የምታነድድ እናት ዛፉ ብርቅ ነው ተብላ አትከለከልም። ነገር ግን ሜዳው ብዙ እንጨት አጣ። ከዚያ በኋላም ከሰል ለከተሞች መቅረቡን፣ ድርቅም መደጋገሙን አልተወም።

ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቤተ ሙከራ እሠራ ነበር። ከቀብሪበያህ ወደ ደገሃቡር በሚወስደው መንገድ ወደ ቆላው ወርደን ከአንዲት ዲዲን ዛፍ ጫፎች ወሰድን። ዛፏን ያሳየን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እንደ ሀገሩ ልማድ «አዴር» እላቸው ነበር፤ እርሳቸውም መልሰው አዴር ይሉኛል። ከወራት ልፋት በኋላ በጣት የሚቆጠሩ ጠርሙሶች አረንጓዴ ሆኑልን። ደስታችን ልክ አልነበረውም።

አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፤ ኃላፊነቱን የያዘ ሰውም በቅርብ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት የማሳደጊያውን ክፍል ስንከፍት ሙቀቱ ፊታችንን ገረፈው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከጠርሙሶቹ አንዱም አልተረፈም። «ግድ የለም፤ እናቲቱ አለች» ተባባልንና እንደገና ወደ ቆላው ወረድን። ያገኘነው ጉቶ ነበር። አዴር ከጉቶው አጠገብ ቆመው በእርጋታ እንዲህ አሉኝ፦ «ጫፏን ስትወስዱ አየኋችሁ። ምን ያህል እንደምትፈልጓት ግን ለማንም አልነገራችሁም። ለእኔ ብትነግሩኝ ጠባቂ አቆምላት ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። ለጠርሙሶቹ መዝገብ ይዘናል፤ ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር ጽፈናል። ለዛፏ ግን ጠባቂ አልጠየቅንም፤ የዛፏን ባለቤት ሕዝብም እንደ መንገድ መሪ እንጂ እንደ ሥራው ባለቤት አላየነውም። ያን ቀን የተማርኩትን ከዶክትሬት ትምህርቴ ጋር አስተካክዬ አየዋለሁ።

ይህ የእኛ ብቻ መከራ አይደለም። በሕንድ ራጃስታንና ጉጃራት የሚበቅለው የከርቤ ዘመድ ጉጉል፣ ለባህላዊ ሕክምና ሲባል ግንዱ ያለ ልክ እየተበሳ ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዕፅዋት ተመዝግቧል። የሕንድ ሳይንቲስቶች ጉጉልን ከሕዋስ ተነሥተው እስከ ሙሉ ችግኝ ማድረስ ችለዋል። ብቃቱ ሳይጎድል ዛፉ በዱር ቀነሰ። ዘዴው ብቻውን አያድንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ንግግሬን በአራት ነጥብ ልደምድም።

አንደኛ፣ ከጠርሙስ በፊት መዝገብ ይቅደም። እያንዳንዷ እናት ተክል ስፍራዋ፣ የሶማሊኛ ስሟ፣ ሳይንሳዊ ስሟና ጠባቂዋ ይጻፍ። ያሳየን እረኛ ስምም ፈቃዱ ተጠይቆ ይግባ።

ሁለተኛ፣ ከአንዲት እናት አንውሰድ። ወንድም ሴትም፣ ከልዩ ልዩ ሸለቆ የተገኙ ብዙ እናቶች ይኑሩን። በቅርንጫፍ የሚበቅለውን በቅርንጫፍ፣ በዘር የሚበቅለውን በዘር እናራባ፤ ጠርሙሱ እነዚህ ላልሆኑለትና ቁጥሩ ላነሰው ይቆይ። እሬትን የመሰሉ ከሥራቸው ልጅ የሚያወጡ ዕፅዋት በችግኝ ጣቢያ ሊበዙ ሲችሉ ወደ ውድ ቤተ ሙከራ መውሰድ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሦስተኛ፣ ቤተ ሙከራ ስንሠራ ለዚህ ምድር የሚስማማ እንሥራ። ፀሐይ ያልነሣን ሀገር ነንና የማሳደጊያ ክፍሉ በአንድ የኤሌክትሪክ መሥመር ብቻ አይንጠልጠል። አየር መልመጃው ጥላ ቤትም በሌላ የደጋ ከተማ ሳይሆን ችግኙ በሚኖርበት ነፋስ ውስጥ ይቁም።

አራተኛ፣ ሕጉን እንወቅ። ስለ ጄኔቲክ ሀብት አርክቦትና ስለ ማኅበረሰብ መብቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998፣ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ፣ የማኅበረሰቡ ፈቃድ አስቀድሞ እንዲጠየቅና ከጥቅሙም እንዲካፈል ይደነግጋል። እንዶድ የሄደችበትን መንገድ ዲዲንና ሐዲ እንዳይሄዱበት የሚያግደን መሣሪያ በእጃችን አለ። ሕግ ግን ሽማግሌው ካላወቀው፣ ተማሪውም ካላነበበው በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ውድ ተማሪዎቼ፤ የሐትሼፕሱት ሰዎች 31 ዛፍ ወሰዱ። የኤደን ነጋዴዎች ስሙን ወሰዱ። እኛም ከዓመታት በፊት ጫፉን ወሰድን። ሦስቱም ወሳጆች ተክሏን ወድደዋታል፤ ከኋላቸው ጠባቂ ግን አላቆሙም። ከእናንተ መካከል ነገ ወደ ቆላው ወርዶ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ቢኖር፣ ምላጩን ከማውጣቱ በፊት በዛፉ ጥላ የተቀመጠውን ሰው ሰላም ይበል፤ ምን ሊያደርግ እንደመጣ ይንገረው፤ ሲመለስም ያፈራውን ችግኝ ይዞለት ይምጣ።

አዴር ዛሬ በሕይወት የሉም። ከዚያ ጉቶ ሥር ግን በሁለተኛው ክረምት ቡቃያ ወጥቶ እንደነበር ልጃቸው ነግሮኛል። እሾህ ከልለው ከፍየል ጠበቁት። ያለ ምንም ጠርሙስ።